እንጦጦ ደም አይጨምርም፤ ተጫዋቹ ታዲያ በዕረፍቱ ምን ይሥራ?

ክረምት ሲገባ አንድ ወሬ አብሮ ይገባል። ሊጉ ይዘጋል፣ የዝውውር ሐሜቱ ይጦፋል፣ ከዚያ አንዱ ሬዲዮ ላይ ይወጣና «ተጫዋች ሁለት ሳምንት እንጦጦ ከወጣ ደሙ ይጨምራል፤ ዓመቱን ሙሉ ይበቃዋል» ይላል። ማስረጃውም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ስሙ የማይጠራ አንድ ተጫዋች ወደ ጋራው ከመውጣቱ በፊት ሄሞግሎቢኑ 15 ነበር፣ ከወረደ በኋላ 16 ሆኗል። ይህን ሰምተው ከኮተቤ፣ ከሾላና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ማለዳ እየተነሡ በሐምሌ ጭቃ በባሕር ዛፉ መሐል የሚዳክሩ ልጆች አሉ። ሌላው ወገን ደግሞ «ዕረፍት ዕረፍት ነው፤ ክለቡ ሲጠራኝ በሁለት ሳምንት አቅሜ ይመለሳል» ብሎ ክረምቱን ከብርድ ልብስ ሳይወጣ ይጨርሳል።

ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የተሳሳቱትም በአንድ ነገር ነው። የደምን ውሃ ረስተዋል።

ልብ ደም ይረጫል፣ ደም በቀይ ሕዋሱ ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ይሸከማል፣ ጡንቻ ይጠቀምበታል፤ ይህን ተማሪ ቤት የገባ ሁሉ ስለሚያውቀው አልመለስበትም። የሚዘለለው ቀጥሎ ያለው ነው። ጥቂት ደም በቀጭን የመስታወት ቱቦ ተቀድቶ በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ ይገባል። ከደቂቃዎች በኋላ ሲወጣ ለሁለት ተለይቷል፤ ከታች ጥቅጥቅ ያለ ቀይ፣ ከላይ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ፈሳሽ፣ በመካከላቸው ዐይን ሊስተው የሚችል ስስ ነጭ መስመር። በጤነኛ ወንድ ቀዩ ከጠቅላላው 45 በመቶ ገደማ ይይዛል። የላይኛው ቢጫ ፕላዝማ ነው፤ አብዛኛው ውሃ፣ የቀረው ጨውና ፕሮቲን።

ለልምምድ ፈጥኖ ምላሽ የሚሰጠው ይህ ፕላዝማ ነው። ተጫዋቹ ጠንከር ያለ ልምምድ በሠራ ማግሥት አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን በደም ሥሮቹ ውስጥ ይበዛል። ፕሮቲኑ ውሃ ይስባል። ኩላሊትም አልዶስትሮን በሚባል ሆርሞን ትእዛዝ ጨው ይይዛል፤ ጨው ባለበት ውሃ ይቀራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ፕላዝማው 10 በመቶ ያህል ሊያድግ ይችላል። ቀይ ሕዋስ ለመጨመር መቅኔ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ውሃው ግን በማግሥቱ ይደርሳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲበዛ ልብ በደንብ ይሞላል፣ በአንድ ምት የሚረጨውም ይጨምራል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ያንኑ ሩጫ በዝቅተኛ የልብ ምት ይሮጠዋል። አሰልጣኙ «ትንፋሽ አገኘ» የሚለው በአብዛኛው ይህንኑ ነው።

ልምምዱ ሲቆም ፊልሙ ወደ ኋላ ይዞራል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት፣ በሩጫና በብስክሌት የዳበሩ ወንዶች ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ልምምድ እንዲያቆሙ ተደረገ። የደማቸው መጠን 9 በመቶ ቀነሰ፤ ልባቸው በአንድ ምት የሚረጨው 12 በመቶ ወረደ። የምወደው ክፍል ከዚህ ይጀምራል። ተመራማሪዎቹ ዴክስትራን የሚባል ፈሳሽ በደም ሥራቸው ሰጧቸው። ፈሳሹ ቀይ ሕዋስ የለውም፤ ኦክስጅንም አይሸከምም። ሆኖም የልባቸው ርጭት ወደ ነበረበት ተመለሰ ማለት ይቻላል። ጠፋ የተባለው አቅም ትልቁ ድርሻ የጎደለ ፈሳሽ ሆኖ ተገኘ። በቅድመ ውድድር ዝግጅት የመጀመሪያ ቀን «ሳንባዬ ተቃጠለ» የሚለው ተጫዋች በአሥረኛው ቀን እንደ ሰው የሚሮጠውም ለዚህ ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ የከረመው ወገን እዚህ ላይ እውነት አለው፤ ውሃው በሁለት ሳምንት ይመለሳል።

አሁን ወደዚያ የላቦራቶሪ ወረቀት። አምስት ሊትር ደም ያለውና በ100 ሚሊ ሊትር 15 ግራም ሄሞግሎቢን የተገኘበት ተጫዋች እንውሰድ። በጠቅላላው 750 ግራም ሄሞግሎቢን አለው ማለት ነው። ፕላዝማው 2.75 ሊትር ነው። ከዚህ 10 በመቶው ቢጎድል ደሙ ወደ 4.73 ሊትር ይወርዳል፤ ሄሞግሎቢኑ ግን እዚያው 750 ግራም ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር 15.9 ይሆናል። አንድ ቀይ ሕዋስ እንኳ ሳይወለድ «ደም ጨመረ» ተባለ። ሽሮ ውሃ ሲያንሰው ይወፍራል እንጂ ዱቄቱ አይጨምርም።

ውሃው የት ሄደ? ከፍታ ላይ የሚሰነብት ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፕላዝማው ይቀንሳል፤ ሽንቱ ይበዛል፣ ቀዝቃዛውና ደረቁ አየርም በትንፋሹ ውሃ ይወስድበታል። ደርሶ የሚመለሰው ደግሞ፣ በተለይ ላብ ይውጣልኝ ብሎ በላስቲክ ጃኬት ተጠቅልሎ የሮጠው፣ ውሃ ሳይጠጣ ደም ቢሰጥ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣል። (የተገላቢጦሹም ያስቸግራል። በደንብ የሠራ ተጫዋች ፕላዝማው ስለበዛ ሄሞግሎቢኑ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ቤተሰብ ይደነግጣል፣ የብረት ኪኒን ይገዛል። እውነተኛ የብረት እጥረት አለ፤ እሱን የሚለየው ግን የፌሪቲን ምርመራ ነው።)

ስለ ከፍታው ራሱ በቁጥር እንነጋገር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። የአየሩ ግፊት አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ዳርቻው ሦስት ሩብ ያህል ነው፤ እንጦጦ ላይ ከ70 በመቶ ትንሽ ዝቅ ይላል። የሾላው ልጅ እንጦጦ ሲወጣ ከዜሮ ተነሥቶ አይደለም የሚወጣው፤ ቀድሞውንም ደጋ ላይ የሚያድር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ክሪስቶፈር ጎርና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ባሰሉት መሠረት፣ ጠቅላላው ሄሞግሎቢን ከፍታ ላይ በሚታለፍ በየ100 ሰዓቱ 1.1 በመቶ ገደማ ያድጋል። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንጦጦ የሚሮጥ ሰው 100 ሰዓት ለመሙላት 67 ቀን ያስፈልገዋል። ያውም ስሌቱ ከፍታው ላይ ለሚኖር እንጂ ቁርሱን ኮተቤ ወርዶ ለሚበላ አይደለም።

ኪሳራም አለው። አየሩ ሲሳሳ፣ ዳገቱና ጭቃው ሲጨመር፣ እግር ቀስ ይላል። ሳንባው ይጨነቃል እንጂ ጡንቻው የጨዋታ ፍጥነት አያይም። ቤንጃሚን ሌቪንና ጄምስ ስትሬይ ጉንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ በ2,500 ሜትር ላይ እያደሩ ወደ 1,250 ሜትር ወርደው የተለማመዱት ሯጮች ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አመጡ። የእኛ አትሌቶች ይህን በሥራ ያውቁታል። በእንጦጦ ጫካ ረጅሙንና ለስላሳውን ሩጫ ይሮጣሉ፤ ለፍጥነት ግን ወደ ሰበታና ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። ኳስ ተጫዋቹ የቀዳው መውጣቱን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ከማራቶን ሯጭ ይልቅ መፈትለክ፣ ድንገት መቆምና መዞር የሚያስፈልገው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ላክል። የጎር ስሌት በአብዛኛው ቆላ ኖረው ወደ ከፍታ በወጡ ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። የኢትዮጵያ ደገኛ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ 236 ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር። ይህ ከባሕር ዳርቻ ሰው የማይርቅ ቁጥር ነው፤ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ደም ግን በጣም ይወፍራል። በሌሎች የኢትዮጵያ ደገኞች ላይ የተሠሩ ኋለኛ ጥናቶች ከፍ ያለ ቁጥር ያገኙበትም አለ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። የኮይል ሰዎችም ጥቂት ነበሩ፤ ኳስ ተጫዋችም ሴትም አልነበረባቸውም። ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም ጨዋታ ያሸንፋል ወይ በሚለውም ባለሙያዎች ይናቆራሉ፤ እኔ ብቻውን አያሸንፍም ከሚሉት ወገን ነኝ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን የሬዲዮኑን ወሬ አያድነውም።

ብርድ ልብስ ውስጥ የከረመውን ወገን የሚጥለው ሌላ ነው። ውሃው ቶሎ ይመለሳል ብያለሁ፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ትንፋሹ በአሥር ቀን ሲመለስለት ተጫዋቹ «ደርሻለሁ» ይላል፤ ጅማቱና የኋላ ጭኑ ጡንቻ ግን አልደረሱም። በአሜሪካ ፉትቦል የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2011 የክለብ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር በውል ተጣልተው ከመጋቢት እስከ ሐምሌ በር ተዘጋ፤ ተጫዋቾች የክለባቸውን ጂምና ሐኪም ማግኘት አልቻሉም። በሩ ተከፍቶ ዝግጅት በተጀመረ በ12 ቀን ውስጥ 10 ተጫዋቾች የተረከዝ ጅማታቸው ተበጠሰ፤ በቀጣዮቹ 17 ቀናት ሁለት ተጨመሩ። ቆጠራ እንጂ ሙከራ አይደለም፤ ምክንያቱ ይኸው ነው ብሎ መማል አይቻልም። ቢሆንም አሰልጣኝ ብሆን እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር።

የእኛ ተጫዋቾች ሐምስትሪንግ የሚሉት የኋላ ጭን ጡንቻ ደግሞ ማስረጃው የጠነከረ ነው። የኖርዲክ ልምምድ የሚባለውን ለመሥራት ብር አያስፈልግም። ተጫዋቹ በጉልበቱ ይንበረከካል፤ ጓደኛው ከኋላ ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዝለታል፤ ወገቡን ሳያጥፍ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወድቃል፤ ውድቀቱን በኋላ ጭኑ ይዞ ያዘገያል፤ መጨረሻ ላይ በእጁ መሬት ይነካል። ሲጀምሩት ለሁለት ቀን ደረጃ መውረድ ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የዴንማርክ ጥናት 50 ቡድኖችና 942 ተጫዋቾች ተካፈሉ። ግማሾቹ በውድድሩ የዕረፍት ወራት ለአሥር ሳምንት ይህን ጨምረው ሠሩ፤ ሌሎቹ የተለመደውን ቀጠሉ። በልማዱ የቀጠሉት 52 ጉዳት ደረሰባቸው፤ ልምምዱን የሠሩት 15። ጊዜውን ልብ በሉ፤ በዕረፍት ወቅት የተሠራ ሥራ ነው። ሲተዉት ጥቅሙ በሳምንታት ውስጥ ስለሚሸረሸር ባለፈው ዓመት ሠርቻለሁ ማለት አያዋጣም።

ስንት ይበቃል? ከሚታሰበው በጣም ያነሰ። ሮበርት ሂክሰን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሰዎችን ለአሥር ሳምንት በሳምንት 6 ቀን አሠራቸው፤ ከዚያ ለ15 ሳምንት የቀኑን ብዛት ወደ 4 ወይም ወደ 2 አወረደ። ጥንካሬው እስካልተነካ ድረስ ወደ 2 ቀን የወረዱት ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀማቸውን ይዘው ቆዩ። ጥንካሬው ሲቀነስ ግን ቀኑ ቢበዛም አቅሙ ወረደ። በየጠዋቱ እንጦጦ ዱብ ዱብ ማለት የተገላቢጦሽ መንገድ ነው፤ ቀኑ ብዙ፣ ጥንካሬው ትንሽ። የእኔ ምክር ሊጉ ሲያልቅ ሁለት ሳምንት እውነተኛ ዕረፍት፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሜዳማ ቦታ ላይ አጭርና ፈጣን ሩጫ ከኖርዲኩ ጋር ነው። እንጦጦን ለእሑድ ያቆዩት፤ አየሩ ለአእምሮ ጥሩ ነው። በሰፈር የክረምት ውድድር እየተጫወትኩ ነው የሚለኝ ተጫዋችም አለ። ጥንካሬው አለው፤ ግን ያለ ዝግጅት በጭቃና በጎድጓዳ ሜዳ ላይ መፈትለክ ሐምስትሪንግን ለመበጠስ ከማውቃቸው መንገዶች አንዱ ነው።

ስለዚህ ክለብ በዕረፍቱ በፈቃድ የሚገባበት ልምምድ ካዘጋጀ ተጫዋቹ ይሂድ እላለሁ። «በፈቃድ» ተብሎ ያልመጣውን ነሐሴ ላይ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ግን ማታለል ነው። የጉዳቱም ሒሳብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደይ ወራት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ማኅበር አባላቱ ወደ ፈቃድ ልምምዶቹ እንዳይሄዱ ይመክር ነበር፤ የዴንቨር ብሮንኮሱ ጃውዋን ጄምስ ከክለቡ ግቢ ውጭ ሲሠራ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። ክለቡ ጉዳቱ ከሥራ ውጭ የደረሰ ነው ብሎ በቀናት ውስጥ አሰናበተው፤ የዓመቱ 10 ሚሊዮን ዶላር ደመወዙ ክርክር ውስጥ ገባ። በእኛ ሊግ የብዙ ተጫዋች ውል ከውድድሩ ጋር አብሮ ያልቃል፤ ሐምሌ ላይ እሱ የማንም ተጫዋች አይደለም። የቀድሞ ክለቡ ልምምድ ላይ ሐምስትሪንጉ ቢበጠስ የሐኪሙን የሚከፍለው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ ልምምዱ የቱንም ያህል ሳይንሳዊ ቢሆን ልጁ ከቤቱ ባይወጣ አልፈርድበትም።