ደጅ ጥናትና የቅጥር ቃለ መጠይቅ

በአገራችን ልማድ ጨዋ ሰው ራሱን አያመሰግንም። በሽማግሌ ፊት ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል፤ ሲጠየቅ ባጭሩ ይመልሳል፤ ሙያውን ሌላ ሰው እንዲመሰክርለት ይተዋል። በዚህ ሥርዓት ያደገ ተማሪ ለቅጥር ሲጠየቅ ግን ጨዋነቱ እንደ አለማወቅ ሊቆጠርበት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ችግሩ ከምን እንደ መጣ መመርመርና መፍትሔውን ማመልከት ነው።

ቀድሞ ሹመት የሚፈልግ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ከመኳንንት ደጅ ለወራት፥ አንዳንዴም ለዓመታት እየተመላለሰ፥ እጅ እየነሣና የታዘዘውን እየፈጸመ ይቆያል። ልማዱ ብዙ በደል ነበረበት፤ አማላጅ ያለው ይቀድማል፥ ስንቅ ያለቀበት ባዶ እጁን ይመለሳል። ቢሆንም ለጌታው ጊዜ ይሰጠው ነበር። የሰውየውን ትጋት በዓይኑ ስለሚያይ ዝምተኛውም በሥራው ይታወቃል።

በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ተቋቋመ፤ ቅጥርም በችሎታ እንዲሆን ታሰበ። ዛሬ ጠያቂዎች አመልካቹን የሚያዩት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። እንግዲህ ቃለ መጠይቅ ያጠረ ደጅ ጥናት ነው ለማለት ይቻላል። ሥራው በዓይን ስለማይታይ በቃል መነገር አለበት።

ሰው በጥቂት ምልክት ብዙ ይፈርዳል። ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1946 ባሳተመው ጥናት፥ ስለ አንድ ሰው ጠባይ የተዘረዘሩ ቃላት ለሁለት ወገን ተነበቡ። ልዩነቱ ለአንዱ ወገን «ሞቅ ያለ»፥ ለሌላው «ቀዝቃዛ» መባሉ ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሰውየውን ይበልጥ ለጋስ አድርገው ገመቱት። ስለዚህ ሰላምታና የፊት ገጽታ ከንቱ ነገር አይደሉም።

ነገር ግን በዚህ ብቻ መመካት አይገባም። ሽሚትና ሃንተር በ1998፥ ሳኬትና ባልደረቦቹም በ2022 (ሁለቱም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) እንዳሳዩት፥ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ መልሱ በነጥብ የሚመዘንበት ቃለ መጠይቅ እንዲያው ከሚደረግ ጨዋታ ይልቅ የወደፊቱን ሥራ በተሻለ ይጠቁማል። በእንዲህ ያለው መጠይቅ ነጥብ የሚያስገኘው የሥራ ምሳሌ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ መሥሪያ ቤት «ከሰው ጋር ሠርተህ ታውቃለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ «አዎን፥ ጥቂት ሞክሬአለሁ» ብሎ ዝም አለ። ሥራውንም ሳያገኝ ቀረ። እንዲህ ሊል ይችል ነበር፤ «ለመመረቂያ ጽሑፋችን ከ3 ጓደኞቼ ጋር ቤት ለቤት እየዞርን ሰዎችን ጠየቅን። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። አንዱ ጥያቄ ግልጽ ስላልነበረ በ3ኛው ቀን አሻሻልነው»። በዚህ መልስ ውስጥ አንድም የምስጋና ቃል የለም፤ የሥራ ታሪክ ብቻ ነው። ስሕተቱም ሳይደበቅ ተነግሯል። ጨዋነትና ግልጽነት የሚታረቁት በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ አመልካቹ የሥራውን ማስታወቂያ ደጋግሞ አንብቦ የሚስማሙ 3 ያህል የሠራቸውን ሥራዎች አስቀድሞ ያሰናዳ። ከሰዓቱ በፊት ይድረስ፤ ሲመልስ ወደ ጠያቂው ይመልከት፤ የማያውቀውን አላውቅም ይበል። ማጋነን አይጠቅመውም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው አዲስ ሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊፈትን ይችላልና፥ በቃል የተባለው ሁሉ ያን ጊዜ በሥራ ይመዘናል።

አባቶቻችን «በለፈለፉ ይጠፉ» ብለው አስጠንቅቀውናል። ነገር ግን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም እነርሱው ናቸው። ተማሪው ሁለቱንም ምክር ይዞ ቢቀርብ ይበጀዋል።