የእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተማሪነት ማስረጃ እንዴት ይገኛል? ነጋዴውስ በምን ይለየዋል?

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ የአገሩን ምርት ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ፣ ከባንክ፣ ከመርከብ ድርጅትና ከባሕር ማዶ ደንበኛው ጋር የሚጻጻፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ቋንቋ መሆኑ የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣውና በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት የኤል ሲ ደንብ ቁጥር 600 መሠረት፣ ባንክ ሰነድ ከቀረበለት በኋላ የሚመረምርበት ጊዜ ከአምስት የባንክ የሥራ ቀን አይበልጥም፤ የሚመረምረውም ዕቃውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። በኢንቮይሱ ላይ የተጻፈው ከጭነቱ ሰነድ ጋር የሚጋጭ ሆኖ ከተገኘ፣ ዕቃው ምንም ያህል የተመረጠ ቢሆን ክፍያው ሊታገድ ይችላል። እንግዲህ በጸሐፊው ብዕር ያለው እንግሊዝኛ ከነጋዴው ገንዘብ ጠባቂዎች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህም ነው በደብረ ብርሃን፣ የብርድ ልብስና የቢራ ፋብሪካዎች በቆሙባትና የኢንዱስትሪ ፓርክ በተከፈተባት ከተማ፣ ለጸሐፊዎቹና ለሽያጭ ሠራተኞቹ የማታ አስተማሪ የሚፈልግ ባለንግድ ቢኖር የማያስደንቀው። በሌላው ወገን ደግሞ ትምህርቱን ጨርሶ ይህንኑ አስተማሪነት መተዳደሪያው ለማድረግ የሚያስብ ወጣት፣ ምናልባትም የዚያው የነጋዴው ልጅ፣ አለ። ሁለቱም የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ እንግሊዝኛ ለማስተማር የተገባ ሰው የሚባለው ማን ነው?

እንግሊዝኛ የንግድ ቋንቋ የሆነበት ምክንያት

ከኢጣሊያ ወረራ በፊት በአዲስ አበባ በነጋዴው ዘንድ የበለጠ ይሠራበት የነበረው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከገባበት ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ የዕቃው መንገድና የወረቀቱ ቋንቋ በአንድነት ይጓዙ ነበር። በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ግን በትምህርት ቤቱም በቢሮውም እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ስፍራ ያዘ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተከፈተ። ደብረ ብርሃንም ከዚህ ሥራ አልራቀችም፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለገጠር የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎች የሚሠለጥኑባት ከተማ ነበረች።

በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ኋላም በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ተደረገ። ተማሪው በበዛ ቁጥር አስተማሪ ነኝ የሚለውም ስለሚበዛ፣ የሚያውቀውን ከሚያስተምረው መለየት አስፈላጊ ሆነ።

ማወቅና ማስተማር ሁለት ሙያ ናቸው

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ቅኔ መቍጠር የቻለ ሁሉ ወዲያው የኔታ አይባልም፤ የበረታው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ፣ መምህሩ እየሰሙና እያረሙ፣ ታናናሾቹን ያስተምራል። መምህርነቱ የሚጸናው እንደዚህ ሆኖ ከተፈተነ በኋላ ነው።

ስለ እንግሊዝኛ ግን ይህን እውነት ዓለም የተቀበለው ዘግይቶ ነው። ብዙ ጊዜ፣ ከቋንቋው ባለቤቶች የተወለደ ሰው ሌላ ሥልጠና ሳያሻው ሊያስተምረው ይችላል ተብሎ ይታሰብ ነበር። የሰላም ጓድ አባላት ወደ ኢትዮጵያ በመጡበት በዚያው በአውሮፓውያን 1962፣ ጆን ሄይክራፍትና ባለቤታቸው ብሪታ በለንደን የሁለት ሳምንት ኮርስ ከፈቱ። ሠልጣኙ ስለ ማስተማር ሲነገረው ብቻ አልዋለም፤ እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ያስተምር ነበር። ዛሬ በዓለም የታወቀው የኬምብሪጅ የእንግሊዝኛ አስተማሪነት ማስረጃ፣ ሴልታ የተባለው፣ ከዚያ ኮርስ የተወለደ ነው።

የሠለጠነ አስተማሪ ያልሠለጠነው የማያውቀውን ምን ያውቃል? ጥቂት ምሳሌ መስጠት ይበቃል። በአማርኛ መበደርና ማበደር ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን ‹‹ቦሮው›› እና ‹‹ሌንድ›› የተባሉ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቃላት ናቸው። ጸሐፊው ሲያቀያይራቸው ባለዕዳው አበዳሪ ሆኖ ይገኛል። ‹‹ፊፍቲን›› እና ‹‹ፊፍቲ›› በስልክ ሲነገሩ የሚለዩት በይበልጥ ድምፁ በሚጠብቅበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ ያልለመደ ጆሮ 15 ካርቶን የታዘዘውን 50 አድርጎ ይመዘግባል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጧቱ ሁለት ሰዓት የሚባለው በእንግሊዝኛ ስምንት ሰዓት ነው፤ ዓመቱም በሰባት ወይም በስምንት ይለያል። ስለዚህ የቀጠሮና የጭነት ቀን አጻጻፍ ለብቻው ሊሠራበት የሚገባ ትምህርት ነው። የኢትዮጵያዊው አስተማሪ ብልጫም እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው የሚሰናከልበትን ድንጋይ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ከዚህም ሌላ ያልሠለጠነው አስተማሪ ‹‹ገባችሁ?›› ብሎ ሲጠይቅ ተማሪዎቹ በይሉኝታ ‹‹አዎን›› ይሉታል፤ እሱም አምኖ ያልፋል። የሠለጠነው ግን ‹‹በዚህ ደብዳቤ ከፋዩ ማነው? ተቀባዩስ?›› ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም የገባውን ካልገባው ይለይለታል።

በአገር ውስጥ ያለው መንገድ

በመጀመሪያ ደረጃ ለማስተማር የሚሻ ሰው የሚሠለጥነው በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው፤ ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢዋ ወጣት ኮሌጁ በከተማው ውስጥ ይገኛል። በሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የሚፈልግ ደግሞ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ዲግሪ መያዝ ይኖርበታል። ለዚህም በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው ሥርዓት፣ ዲግሪ የያዘው ሰው የማስተማር ሙያ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ለማግኘት ስለ ተማሪ ጠባይ፣ ስለ ማስተማር ዘዴና ስለ ፈተና አወጣጥ እንዲማር፣ በትምህርት ቤት ተመድቦም እንዲለማመድ ተደረገ። ከዚያ በላይ የሚሻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ በማስተማር ሙያ የማስተርስና የዶክተርነት ትምህርት ያገኛል። የመግቢያው ደንብ በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ አመልካቹ የዓመቱን ማስታወቂያ ከተቋሙ ሬጅስትራር አስቀድሞ መመልከት ይገባዋል።

ከውጭ አገር የሚገኘው ማስረጃ

ሴልታ ቢያንስ 120 ሰዓት የሚፈጅ ኮርስ ነው። ሙሉ ቀን ለሚማር ሰው ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይወስዳል። ሠልጣኙ በመምህራኑ ፊት ስድስት ሰዓት ያስተምራል፤ ስድስት ሰዓት ሙያ ያላቸውን ሲያስተምሩ ይመለከታል፤ አራት የጽሑፍ ሥራም ያቀርባል። ለመግባት 18 ዓመት የሞላው፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ትምህርት ያለውና እንግሊዝኛው እጅግ የበረታ መሆን አለበት። ከእንግሊዝ ወይም ከአሜሪካ መወለድ አይጠየቅም። የለንደኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው ተመሳሳይ ማስረጃም ቢያንስ 130 ሰዓትና ስድስት ሰዓት የታየ ማስተማር ያለበት ነው። የንድፈ ሐሳቡን ክፍል በኢንተርኔት መከታተል ቢቻልም፣ እውነተኛ ተማሪዎችን ማስተማሩ ግን አይቀርም።

ሦስቱን ወረቀቶች ስለ መለየት

ወጣቱ ብዙ ጊዜ የሚታለለው፣ ነጋዴውም የሚሳሳተው ሦስት ዐይነት ወረቀት እንደ አንድ ስለሚታይ ነው። የመጀመሪያው እንደ አይኤልቲኤስ ያለ የቋንቋ ፈተና ውጤት ነው፤ ይህ ባለቤቱ እንግሊዝኛ ማወቁን እንጂ ማስተማር መቻሉን አይመሰክርም። ሁለተኛው በኢንተርኔት በጥቂት ቀን የሚሸጠው ሰርተፊኬት ነው፤ በላዩ ‹‹120 ሰዓት›› ተብሎ ቢጻፍም አንድም ተማሪ ሳያስተምሩ የሚወሰድ ብዙ አለ። ሦስተኛው፣ ባለቤቱ ሲያስተምር ባለሙያ ቆሞ ተመልክቶ የፈረመበት ነው። ነጋዴ ቡና ሲገዛ የሻጩን ቃል ሰምቶ ብቻ አይከፍልም፤ ናሙናውን ያያል፤ ያስመረምራል። ከሦስቱ ወረቀቶች የመርማሪ ፊርማ ያለበት ሦስተኛው ብቻ ነው።

እንግዲህ ወጣቱ ያጠራቀመውን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ‹‹ስንት ሰዓት አስተምራለሁ? የሚመለከተኝስ ማነው?›› መልሱ ‹‹ምንም›› ከሆነ ገንዘቡን በኪሱ ያቆይ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

ነጋዴው በሚቀጥርበት ጊዜ

አስተማሪ የሚቀጥር የንግድ ቤት ከዚህ በታች ያሉትን ቢፈጽም ይጠቀማል።

1ኛ/ ማስረጃውን ከሰጠው ተቋም እውነተኛነቱን ያረጋግጥ።

2ኛ/ አስተማሪው እየታየ ያስተማረው ስንት ሰዓት እንደ ሆነ፣ ተማሪዎቹም ሕፃናት ወይም ትልልቅ ሰዎች እንደ ነበሩ ይጠይቅ፤ ለሕፃናት የተመቸው ዘዴ ለመጋዘን ኀላፊ ላይመች ይችላልና።

3ኛ/ ውል ከመፈረሙ በፊት በራሱ ሠራተኞች ፊት የግማሽ ሰዓት ትምህርት እንዲያስተምር ያድርግ። ባለቤቱም ከኋላ ተቀምጦ ይመልከት፤ አስተማሪው ብቻ ተናግሮ ሠራተኞቹ ዝም ብለው ከወጡ፣ ንግግር ሰምተዋል እንጂ አልተማሩም።

4ኛ/ አስተማሪው የንግድ ቤቱ የሚጽፋቸውን የደብዳቤና የሰነድ ዐይነቶች ለማየት ይጠይቅ እንደ ሆነ ያስተውል። የሚጠይቀው የተማሪውን ችግር የሚፈልግ ነው። ነገር ግን የደንበኞች ስምና ዋጋ ተሰርዞ ይሰጠው።

5ኛ/ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ የዋጋ መጠየቂያ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ከሦስት ወር በኋላም ያንኑ ደብዳቤ ያለ ረዳት ዳግመኛ ይጻፍ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ባለቤት የከፈለው ገንዘብ ምን እንደ ሠራ በዐይኑ ይመለከታል።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ በቅን የሠለጠነውን አስተማሪ የሚያስከፋ አይደለም፤ ይልቁንም የደከመበት ሙያ በርካሽ ከተገዛ ወረቀት ጋር በአንድ ዋጋ እንዳይሸጥ ይጠብቅለታል። ነጋዴው የታየና የተፈተነ አስተማሪን መርጦ የተገባውን ደመወዝ ከከፈለ፣ ወጣቱም ወደ እውነተኛው ሥልጠና ለመግባት ምክንያት ያገኛል። ጸሐፊው በትክክል የጻፈው ሰነድ ከባንክ ሳይመለስ ሲቀር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀመው ባለንግዱ ራሱ ነው።