ሠርጉ የማን ነው?

ጥር ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግ አዳራሽ ማግኘት ጭንቅ ነው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጾም ወራት አታጋባም። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ ከጥምቀት ጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ዐቢይ ጾም ይገባል። በመሃል ለቀሩት ጥቂት ቅዳሜና እሑዶች አዳራሹም፣ ዲኮሩም፣ ቪዲዮውም፣ የቬሎ ኪራዩም ዋጋው ይሰቀላል። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ድሮ ቀረ፤ ዛሬ በርበሬው ሳይዘራ ቀብድ ይከፈላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ነገሩ ባሰ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ቬሎው፣ ሱፉ፣ ውስኪው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ደመወዙ ግን የአገር ውስጥ ነው። በዕቁብ ተድረው ዕቁቡን ሲከፍሉ የቤት ኪራይ የሚቸግራቸው ሙሽሮች ጥቂት አይደሉም።

ይህን ሁሉ ማን አዘዘ? ሕጉ አይደለም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ነው የሚጠይቀው። በማዘጋጃ ቤት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻም በሕግ ፊት ውጤቱ እኩል ነው። ሃይማኖትም አይደለም። ቁርባን ለሚቆርቡ ሙሽሮች ዋናው ቅዳሴው ነው፤ ሊሞዚን የጠየቀ ቄስ አልሰማሁም። በሙስሊሙም ዘንድ ኒካሁ ወሊይ፣ ምስክርና መህር ይፈልጋል፤ ወሊማው እንደ አቅም ነው።

ያዘዘው ብድር ነው። ወጣቶቹ «ጉራ ነው» ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አንዲት እናት ዕድሜዋን ሙሉ በጎረቤት ድንኳን ስትበላ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እንጀራ ስትጋግር ኖራለች። ልጇ ሲያገባ «የሰው በልቼ የራሴን ሳላበላ?» ብትል ይሉኝታዋ ባዶ አይደለም፤ በእድርተኞቿ መካከል የምትቆምበት ክብር ነው። ልጇ አራት ምስክር ይዞ ማዘጋጃ ቤት ፈርሞ ማታ በስልክ ቢያበስራት፣ ወጪ አዳንኩልሽ ሲላት እሷ የምትሰማው ካድኩሽ የሚል ነው።

ብድሩን ለመመለስ ግን አምስት መቶ ሰው በሆቴል ቡፌ ማሰለፍ ግድ አይደለም። ሠርጉንና መልሱን ባንድ ቀን አጣምረው ወጪውን ለሁለት የሚካፈሉ ቤተሰቦች እየበዙ ነው። ደጃፍ ላይ ዳስ ጥሎ ዶሮውንና ጠላውን ለጎረቤት ማቅረብም ይቻላል፤ የእድር ወንበርና ሳህን ለዚህ ነው የተገዛው። (ለቀናት ጭስ ውስጥ የሚከርሙት ሴቶች አሁንም አይቀርላቸውም፤ ወንዶቹም ቢላ ይያዙ እንጂ።) እልልታው፣ ጭፈራው፣ ምርቃቱ እንደሆነ ኪራይ የለውም። ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን ቪዲዮ ግን ከመጀመሪያው ወር በኋላ ማን ይከፍተዋል?

እንግዲህ ለማግባት የተዘጋጃችሁ፣ ቀለል ያለ ሠርግ ከፈለጋችሁ ካርድ ከመታተሙ በፊት፣ ሽማግሌ ሲላክ ተናገሩ። ወላጆችም ስለ ጥሎሹ ስትነጋገሩ ስንት ሰው እንደሚጠራ፣ ወጪውን ማን እንደሚከፍልና ዕዳው በማን ስም እንደሚቀር እዚያው ተነጋገሩ።