ጎረቤቶቹን በክብር ያነሳው ፎቶ አንሺ

ጄምስ ቫን ደር ዚ በኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ፎቶ ቤት የከፈተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ያኔ ጥቁር አሜሪካውያን የደቡቡን የዘር ጭቆና ሸሽተው፣ እንጀራም ፍለጋ ወደ ሰሜን ከተሞች ይጎርፉ ነበር። አዲስ ገቢው ሥራ ይዞ፣ ደህና ልብስ ገዝቶ ራሱን ሲችል ፎቶ ይነሳል፤ አንዱን ለራሱ፣ ሌላውን አገር ቤት ለቀሩት ዘመዶቹ።

ሰርግም ሆነ ቀብር፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበርም ሆነ የልጆች ምረቃ፣ የሚጠራው እሱ ነበር። የደንበኛው ጥርስ ከጎደለ ኔጋቲቩ ላይ ይሞላለታል፤ ሐብል ከሌላት በእጁ ይስልላታል። እ.ኤ.አ. በ1926 ባነሳው የሰርግ ፎቶ ሙሽሮቹ አጠገብ አሻንጉሊት የያዘች ሕፃን እንደ ጥላ ስስ ሆና ትታያለች። ገና ያልተወለደችውን ልጃቸውን ለማሳየት ሌላ ኔጋቲቭ ደርቦ አትሞበት ነው።

ይህን ማታለል የሚሉት አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1932፣ ሥራ አጥነት አገሩን ባጥለቀለቀበት ዓመት፣ ባልና ሚስት የራኩን ጸጉር ካፖርት ለብሰው ከካዲላክ ጋር ተነስተዋል። ድህነቱ በእርግጥ በፎቶዎቹ ብዙም አይታይም። ነገር ግን ከፋዩ ተነሺው ራሱ ስለሆነ እንዴት መታየት እንዳለበት የሚወስነውም እሱ ነው፤ ከሌላ ሰፈር መጥቶ ችግሩን ብቻ አንስቶ ለሚሄድ ሰው አልቆመም።

ካሜራ ረክሶ በየቤቱ ሲገባ የፎቶ ቤቱ ገበያ ቀዘቀዘ፤ ቫን ደር ዚም የፓስፖርት ፎቶ በማንሳትና አሮጌ ፎቶ በማደስ ይተዳደር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1969 የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ስለ ሃርለም ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ ሥራዎቹ ለሰፊው ሕዝብ ታዩ። ዕድሜው ከ80 አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ከቤቱ ተባረረ። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ይኸው ሙዚየምና በሃርለም የሚገኘው ስቱዲዮ ሙዚየም ወደ 20,000 የሚጠጉ ፎቶዎችና 30,000 ኔጋቲቮች ያሉበትን ክምችቱን በጋራ ተረከቡ። የዚያን ዘመን ሃርለም ማጥናት የሚፈልግ ሰው የሚያገኛቸው ቤተሰቦች እንግዲህ ራሳቸው በመረጡት ልብስና አቋቋም የተነሱት ናቸው።