ጉቶ ለሌለው ማሳ

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሽቅብ ተጉዘው ገረሴ ሲደርሱ የቆላው ሙቀት ከኋላ ይቀራል። ደጋው በእንሰትና በገብስ ይቀበላል፤ ቁልቁለቱ ሳይቀር ታርሷል። በጋሞ ደጋ ግን በእርሻ መካከል እዚህም እዚያም አባቶች ከመጥረቢያ የጠበቋቸው፣ ቀብርና ጸሎት የሚፈጸምባቸው ጥቅጥቅ ያሉ ጫካዎች አሉ። ከዚያ ዛፍ መቁረጥ «ጎሜ» ነው፤ የደፈረው ሰው በቤቱ በሽታ፣ በማሳው ጥፋት ይመጣበታል ተብሎ ይታመናል።

የደከመ ማሳን ወደ ደን መመለስ ስናስብ ሁላችንም የምንጠቅሰው የጎረቤት ወላይታን ሁምቦ ነው። እውነትም ሊጠቀስ ይገባዋል። በግጦሽና በማገዶ የተራቆተው ከ2,700 ሄክታር በላይ ተራራ አገግሞ፣ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ። በ30 ዓመት ወደ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዝ ተገምቷል፤ ገቢው ለ7 ማኅበራት ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። ከአሮጌ ጉቶ ደርዘን ቀንበጥ ይፈነዳል፤ ገበሬው ጠንካሮቹን ሁለት ሦስት ትቶ የቀረውን ለማገዶ ይመለምላል፣ ከብትም እንዳይገባ ይከለክላል። ሥሩ ከመሬት በታች በሕይወት ስለነበር ዛፉ ፈጥኖ ተነሣ።

ለብዙ ዘመን የታረሰ መሬት ግን ጉቶ የለውም፤ ማረሻው ነቅሎ ጨርሶታል። ስለዚህ ገበሬው ባህር ዛፍ ይተክላል። አልፈርድበትም፤ በጥቂት ዓመት ቋሚ ሆኖ ይሸጥለታል፣ ካርቦንም ይይዛል። ነገር ግን ወፍ የምትለቅመው ፍሬ የለውም፤ ከሥሩም ብዙ ነገር አይበቅልም።

የዝግባ ፍሬ ሥጋ አለው። ወፍና ጦጣ ሥጋውን በልተው ዘሩን ራቅ አድርገው ይጥሉታል። ያ ዘር፣ የኮሶውና የወይራውም ጭምር፣ በአብዛኛው የቀረው በእነዚያ በተከበሩት ጫካዎች ነው። በእኔ እምነት የአገር በቀል ችግኝ ጣቢያ ሊቋቋም የሚገባው በእነሱ ዙሪያ፣ በሽማግሌዎቹ ፈቃድ ነው።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ዝግባ እስኪያድግ ቤተሰብ መብላት አለበት፤ የካርቦን ገንዘብ ደግሞ የሚመጣው ዛፉ ካደገ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በችግኞቹ መካከል ገብስ ይዘራ፣ ለጥበቃውም ክፍያ በውሉ ይግባ። ተከላውም ከጫካው ጠርዝ ተያይዞ ይጀመር፤ ጉሬዛ ኑሮው ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ስለሆነ፣ ተነጥሎ ወደ በቀለ ዛፍ ለመሻገር ይቸገራል።