ያውቁ ኖሯል? ድንች በጓሮዎ

ድንች ሥር አይደለም፤ አፈር ውስጥ ያበጠ ግንድ ነው። ገጹ ላይ ያሉት ዓይኖች የግንድ እንቡጦች ስለሆኑ ጉንቁሉ የሚወጣው ከእነሱ ነው። ስኳር ድንች ግን እውነተኛ ሥር ነው፤ ቤተሰቡም ሌላ ነው።

የድንች የቅርብ ዘመዶች ቲማቲምና ቃሪያ ናቸው። ስለዚህ ቲማቲም በተነሣበት መደብ ላይ ድንች አይትከሉ፤ የአንዱ በሽታ አፈር ውስጥ ቆይቶ ሌላውን ያጠቃል። ባቄላ የነበረበት ቦታ ይሻላል።

ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው፤ ዘመኑም 1858 እ.ኤ.አ.።

ዛሬ የተቆፈረ ድንች ነገ ቢተከል ዝም እንደሚል ያውቁ ኖሯል? እንደ ዝርያው ሁለት ሦስት ወር ይተኛል። ብዙ ሰው ዘሩ የሞተ መስሎት ይቆፍረዋል፤ ያሳዝናል።

የሚበላው ድንች ጨለማ ይፈልጋል፣ የሚተከለው ደግሞ ብርሃን። የሚበላው ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ አብሮትም ሶላኒን የሚባል መርዝ ይበዛበታል፣ ይህንንም መቀቀል አያጠፋውም። ዘሩ ግን ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ብሩህ ቦታ፣ በስሱ ተዘርግቶ ቢቀመጥ ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ ያጎነቆለው ረዝሞና ነጥቶ፣ ሲነኩት ይሰበራል።

ትልልቁን ለድስት፣ የተረፈውን ለዘር ማለት ጓሮን በየዓመቱ የሚያደኸይ ልማድ ነው። አንድ ተክል ትንንሽ ድንች ብቻ የሚያፈራው ብዙ ጊዜ ቫይረስ ስላለበት ነው፤ ቫይረሱም ከዘሩ ጋር ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ድንቹ ሲያብብ መደቡን ዞር ዞር ብለው ይዩ፤ ቅጠሉ ያልተጠቀለለ፣ ያልቀጨጨ፣ ያልጠወለገ ተክል አጠገብ እንጨት ይትከሉ። የዘርዎ ምንጭ ምልክት ያደረጉበት ብቻ ይሁን፤ ከእሱም የእንቁላል መጠን ያለውን ይምረጡ። የተሻሻለ ዝርያ ከፈለጉ ደግሞ ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ አሉ።

አዲሶቹ ድንቾች የሚያድጉት ከተተከለው ዘር በላይ ነው። አፈር ማስታቀፍ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ተክሉ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይጀምሩ፣ ከሳምንታት በኋላም ይድገሙት።

ከአበባው በኋላ የሚንጠለጠለው አረንጓዴ ፍሬ ትንሽ ቲማቲም ይመስላል፤ መርዛማ ነው። ለሕፃናት ይንገሩ።

ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ለሞተበት ረኃብ መነሻ የሆነው የድንች በሽታ፣ በእኛም ክረምት ቅጠሉን የሚያጠቁረው ያው ነው። እርጥብ ቅጠል ይወዳል፤ በበጋ ሲያጠጡ ውኃውን በጠዋት፣ ከሥሩ ያድርጉት።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አገዳውን ይጨዱና ድንቹን አፈር ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ያቆዩት። ቆዳው በአውራ ጣት ሲታሽ ካልተላጠ፣ ቁፋሮው ደርሷል።