«ኮምፒዩተሩ ሞቷል» ሲሏችሁ

ትናንት ማታ ቦንጋ ያለ አንድ ኮንትራክተር ደወለልኝ። «የሎደሩ ኮምፒዩተር ሞቷል ተባልኩ፤ መርካቶ ያገለገለ አግኝቼያለሁ፤ ብሩን ልላክ?» አለኝ። መልሼ «ማሽኑ ላይ መጨረሻ ብየዳ የተሠራው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሠራተኞቹን ጠይቆ ሊነግረኝ ስልኩን ዘጋ።

እስኪመልስልኝ ድረስ ይህችን ልጻፍ፤ በምሠራበት ቢታ ገነት በየጊዜው የሚያጋጥመኝ ነገር ስለሆነ።

ባለፈው አንድ ካት 320ዲ ኤክስካቫተር ቆሞ ጠሩኝ። የዘይት ግፊት፣ የአየር ግፊት፣ የነዳጅ ግፊት፣ ሁሉም ሴንሰር በአንዴ ተበላሸ ይላል። ከእኔ በፊት የመጣው ልጅ «ኮምፒዩተር ቀይሩ» ብሎ ሄዷል። እኔ ሳየው ከኮዶቹ መሀል 262 አለ። ይህ ኮድ ኮምፒዩተሩ ለሴንሰሮቹ የሚያከፋፍለው 5 ቮልት ተዛብቷል ማለት ነው። ብዙ ሴንሰሮች ያችን 5 ቮልት ይጋራሉ፤ የአንዱ ሽቦ ተልጦ ብረት ከነካ ሌሎቹን ይዟቸው ይወድቃል። ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። አራተኛው ላይ ኮዱ ጠፋ። ሽቦው ማሰሪያው ሥር በንዝረት ተልጦ ነበር። ጥገናው ከቡናው ቀድሞ አለቀ።

የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ሶኬት ይወዳል። ማሽኑ ጭራሽ ከላፕቶፕ ጋር አልገናኝ ካለ ፊውዙን፣ ግራውንዱን፣ የኮምፒዩተሩን ሶኬት ከፍታችሁ እዩ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ አጽዱ። ባትሪውን ሞተሩ ሲዞር ለኩት፤ ቆሞ 24 ቮልት ማሳየቱ ብቻ ምንም አይነግራችሁም። ቁልፉ ጠፍቶ በጄ1939 የመረጃ መስመር ሁለት ሽቦዎች መካከል 60 ኦም ገደማ ማግኘት አለባችሁ፤ 120 ካነበባችሁ ከሁለቱ መዝጊያ ሬዚስተሮች አንዱ የለም ወይም መስመሩ ተቆርጧል።

በእውነት የሚሞትም አለ። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹን የገደላቸው ብየዳ ነው። የባልዲ ጥርስ ሲበየድ ባትሪው አይፈታም፣ የብየዳው ግራውንድ ደግሞ ወዲያ ማዶ ይታሰራል።

የሲ7 ሞተር ያለው የአንድ 950ኤች ሎደር ኮምፒዩተር እንዲሁ ተቃጠለ። ባለቤቱ በደላላ ያገለገለ ገዛ። ሣጥኑ ቁርጥ ያው ነው፤ ሶኬቱም ልክክ አለ። ስናስነሳው 253-2 አወጣ፦ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር የሌላ ሞተር ነው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ካተርፒላር አንድ ዓይነት ሣጥን ለሎደርም፣ ለዶዘርም፣ ለጄኔሬተርም ይጠቀማል፤ ስንት የፈረስ ጉልበት፣ ምን ያህል ነዳጅ፣ በየትኛው ቅጽበት የሚለውን የሚወስነው ውስጡ የተጫነው ፋይል ነው። ፋይሉ የሚመረጠው ደግሞ በሞተሩ ሴሪያል ቁጥር ነው። ፋይሉ በካት ኢቲ፣ ማለትም በካተርፒላር የላፕቶፕ ፕሮግራም፣ ተቀይሮ እንኳ ኮዱን ለማጥፋት የፋብሪካ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል፤ ከዚያ የስድስቱም ኢንጀክተሮች ኮድ ይገባል። ይህን የሚዘልሉ አሉ፤ ማሽኑ ይነሳል፣ ግን ያጨሳል፣ ይንቀጠቀጣል።

ስለዚህ ሻጩን «950 ላይ ይሠራል?» አትበሉት፤ ይሠራል ነው የሚላችሁ። የሣጥኑን ቁጥር ፎቶ አስልኩ፤ ከአሮጌው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት። ፋይሉን ማን እንደሚጭን ብሩ ከመላኩ በፊት ተነጋገሩ። አዲሱን ከካተርፒላር ወኪሉ ከሪስ ኢንጂነሪንግ ብትገዙም መጫኑ አይቀርም። ዋጋውን አልነግራችሁም። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ የመለዋወጫ ሱቅ የገባ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን በነፃ ይሠራል። ማሽኑ ጤነኛ ሳለ ላፕቶፕ የያዘ መካኒክ ሲመጣ፣ የኮምፒዩተሩን ሙሉ ኮንፊገሬሽንና የኢንጀክተሮቹን ኮድ በፍላሽ አስቀምጡ። ኮምፒዩተሩ ትንሽ ነፍስ ካለው ኢቲ ራሱ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይገለብጠዋል፤ ጨርሶ ከሞተ ግን የሚነበብ የለም። ያን ጊዜ ፍላሹ የኢንጀክተር ኮድ ለማየት የሞተር ክዳን በዝናብ ከመክፈት ያድናችኋል።

የቦንጋው ሰው አሁን መለሰ። ብየዳው ማክሰኞ ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት አልነሳም። ባትሪው አልተፈታም። እንግዲህ የእሱ ሳይሞት አይቀርም። ፊውዞቹን አይቶ የሞተሩን ቁጥር ፎቶ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። ብሩ ይቆይ።